ወለዱ ሲወርድ ዋጋው ለምን ወጣ?

በቀደም ዕለት ስድስት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው ከኳስ ተነሥቶ፣ በሽንኩርት ዋጋ በኩል አልፎ፣ እንደ ልማዱ የመሪዎች ጉዳይ ላይ አረፈ። ከመካከላችን አንዱ ዕቃ ለማምጣት ኢስታንቡል የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ስኒውን አስቀመጠና፣ «ለዚህ አገር የሚያስፈልገው እንደ ኤርዶጋን ያለ ሰው ነው» አለ። «ባንኮቹን ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ! የፈረንጅ ኢኮኖሚስት የማያስፈራው! ወለድ ይውረድ ሲል ወለድ የሚወርድለት!» የተቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ግን የስምምነት አልነበረም። መልሱ ለአንድ ስኒ ቡና የማይበቃ ሆኖብኝ ነው። ነጋዴው ወዳጄ በዶላር ገዝቶ ጃኬትና ጫማ በርካሽ ጭኖ ሲመለስ፣ ያ ርካሽነት ከማን ኪስ እንደ ወጣ ጠይቆ አያውቅም። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ወዳጄ ሞኝ አይደለም፤ ነገር ግን ሲልስ ከርሟል። የዚያን ቀን ያልመለስኩለትን እዚህ ልመልስለት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ያለኝ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማና አንዲት የሒሳብ መኪና ናት። ይህን የምለው ትሑት ለመባል አይደለም፤ የጽሑፌ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ለጸሐፊ ቀላል ነው፤ ቢሳሳት የሚያፍረው ብቻውን ነው። ለመሪ ግን ጭንቅ ነው። ያም ሆኖ መሪ ሲሳሳት ከፋዩ ሌላ ሰው ነውና፣ «አላውቅም» የምትለው ቃል ከማንም ይልቅ የምታስፈልገው ለእሱ ነው።

ወጡ ቀጠነ፤ ውሃ ጨምሩበት

ፕሬዚዳንት ረጀብ ጣይብ ኤርዶጋን ሜይ 2018 ለንደን ላይ ለብሉምበርግ ቴሌቪዥን በሰጡት ቃለ ምልልስ እምነታቸውን በግልጽ አስቀመጡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) ወለድ ምክንያት ነው፣ የዋጋ ግሽበት ውጤት ነው፤ ወለድ ዝቅ ሲል ግሽበትም ዝቅ ይላል የሚል ነበር። ከዚያ በጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ወለድን የክፋት ሁሉ እናትና አባት ብለውት ነበር። የተማሩት ኢኮኖሚ እንደሆነ፣ ነገሩን ከማንም በላይ እንደሚያውቁትም ሳይደብቁ ተናግረዋል።

የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች የሚሠሩት በተገላቢጦሹ ነው። ብድር ሲረክስ ተበዳሪ ይበዛል፤ ተበዳሪ ሲበዛ ገበያ ውስጥ የሚራወጠው ገንዘብ ይበዛል፤ ዕቃው ግን በዚያው ልክ አይበዛም። ስለዚህ ዋጋ ይወጣል። ወለድ ከፍ የሚደረገው ይህን ሩጫ ለመግታት ነው። የኤርዶጋን ትምህርት ወጥ ቀጠነ ብለው ውሃ እንደሚጨምሩበት ባለሙያ ነው።

በእርግጥ ከንግግራቸው ውስጥ አንዲት የእውነት ፍሬ አትጠፋም። በ30 በመቶ ወለድ የተበደረ ነጋዴ ያንን ወለድ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ይህን መርካቶ ያለ ማንኛውም ባለ ሱቅ ያውቀዋል። ችግሩ አንድ ባለ ሱቅ በራሱ መደብር የሚያየው ነገር ለ85 ሚሊዮን ሕዝብ አገር ትምህርት ሲሆን ነው። ባለ ሱቁ የሚያየው የራሱን ወጪ ነው። መሪ ግን የገንዘቡን ጠቅላላ ብዛት፣ የውጭ ምንዛሪውን ክምችት፣ ሰው በአገሩ ገንዘብ ላይ ያለውን እምነት አንድ ላይ ማየት አለበት። አንዲቱን ፍሬ ይዞ ሙሉ ዛፉን አውቃለሁ ማለት ነው ኤርዶጋንን የጣላቸው።

ሦስት ገዥዎች በሃያ ወር

ሰው በግሉ የፈለገውን ቢያምን አገር አይፈርስም። የቱርክ ነገር ሌላ መልክ የያዘው እምነቱን የሚቃወም ሰው ከወንበሩ መነሣት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በመጣው የፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት የማዕከላዊ ባንኩን ገዥ መሾምና መሻር በአንድ ሰው ብዕር ሥር ገባ። ጁላይ 2019 ሙራት ቼቲንካያ ተነሡ። ምክንያቱን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተናገሩት፤ ወለድ እንዲቀንሱ ተነግሯቸው አልቀነሱም። ኖቬምበር 2020 ተተኪያቸው ሙራት ኡይሳል ተነሡ። የሦስተኛው፣ የናጂ አግባል፣ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። አግባል ወለዱን እስከ 19 በመቶ አደረሱት፤ የሊራ ዋጋ ማገገም ጀመረ። ማርች 2021 በአንድ ዓርብ ሌሊት ከሥልጣናቸው ተሻሩ። ሰኞ ገበያው ሲከፈት ሊራ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ያህል ወደቀ።

ሦስት ገዥዎች በሃያ ወር ውስጥ! ከዚህ በኋላ የሚሾም ሰው ምን ይማራል? ኢኮኖሚ አይማርም፤ ፊት ማንበብ ይማራል። አራተኛው፣ ሻሃፕ ካቭጂዮሉ፣ ትምህርቱን በደንብ ተማሩት። ሴፕቴምበር 2021 ወለድ መቀነስ ጀመሩ፤ ከ19 ወደ 14 በመቶ በአራት ወር ወረደ። በመነሻው አንድ ዶላር 8 ሊራ ከሠላሳ ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 18 ሊራን አለፈ።

አሁን የሒሳብ መኪናዬን ላውጣ። በ2021 የአንድ ቱርካዊ ሠራተኛ ዝቅተኛው የተጣራ የወር ደመወዝ 2,826 ሊራ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ በዶላር ሲሰላ 380 ገደማ ይሆናል። በዚያች ዲሴምበር ዕለት ግን ወደ 155 ዶላር ወርዷል። ሠራተኛው አልሰነፈም፣ ከሥራ አልቀረም፣ ደመወዙም በወረቀት ላይ አልተቀነሰም። ከግማሹ በላይ ግን የለም። ኢስታንቡል ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ በቅናሽ ከሚሸጠው ዳቦ ፊት ረጅም ሰልፍ የታየው ያኔ ነው። ወዳጄ፣ የእነዚያ ጃኬቶች ርካሽነት የማን እንደነበር አሁን ገባህ?

ያንጊዜ የባለሥልጣናቱ ቋንቋ ራሱ ምስክር ነው። የፕሬዚዳንቱ አማችና የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት በራት አልባይራክ በ2020 ስለ ዶላር ሲጠየቁ፣ ደመወዝህን በዶላር ነው ወይ የምትቀበለው ብለው ጠያቂውን መልሰው ጠየቁት። የዳቦው ስንዴ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የፋብሪካው ጥሬ ዕቃ በዶላር እንደሚገባ የማያውቁ ይመስል! በ2021 መጨረሻ የተሾሙት ኑረዲን ነባቲ ደግሞ ጋዜጠኛውን ዓይኔን እየው አሉት፤ ኢኮኖሚ በዓይን ውስጥ ያለ ብልጭታ ነውና። የዳቦ ሰልፈኛው ዓይን ውስጥ ምን እንደሚታይ የጠየቃቸው አልነበረም።

መስታወቱን መስበር

እውነት ፊት ሲያስጠላ ሁለት መንገድ አለ፤ ፊትን መታጠብ ወይም መስታወቱን መስበር። በዲሴምበር 2021 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የዓመቱን ግሽበት 36 በመቶ ሲል፣ ነፃ ነን የሚሉ የምሁራን ቡድን በራሳቸው ስሌት 83 በመቶ ገደማ ነው አሉ። ሰው የትኛውን እንዳመነ ገበያው ያውቃል። የሚገርመው ግን መንግሥት በ36ቱም አለመደሰቱ ነው። ቁጥሩ በወጣ በዚያው ወር፣ ጃንዋሪ 2022፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ኦክቶበር 2022 ላይ በመንግሥት ቁጥር እንኳ ግሽበቱ 85 በመቶ አለፈ። ወለዱ ግን መውረዱን ቀጠለ፤ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ 8 ነጥብ 5 በመቶ ደረሰ።

እስቲ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ወለድ ከ19 ወደ 8 ነጥብ 5 ሲወርድ፣ ግሽበት ከ20 በመቶ ገደማ ተነሥቶ እስከ 85 ወጣ። በቤተ ሙከራ ቢሠራ እንኳ ከዚህ የጠራ ውጤት አይገኝም። መምህሩ ግን ትምህርቱን አልለወጡም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉ አባቶቻችን ስለ ሞኝ ብቻ የተናገሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሥልጣንም የያዘውን አይለቅም።

ስለ እምነቱ አይደለም

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ይቆጣኝ ይሆናል። ኤርዶጋን ዲሴምበር 2021 እንደ ሙስሊም የሃይማኖቴ ቃል የሚያዝዘኝን አደርጋለሁ ብለዋልና ነገሩ የእምነት ነው የሚል አለ። ወለድን በሃይማኖት መጥላት የተከበረ አቋም ነው። በእኛም ቤት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ አራጣ የተወገዘ ነው። እኔ የምከራከረው ከእምነታቸው ጋር አይደለም፤ ከሒሳባቸው ጋር ነው። ሒሳቡ ደግሞ ለእምነታቸውም አልታመነም።

እንዴት ቢሉ፣ ሊራ 18 የገባባት ያቺው ዕለት ማታ መንግሥት አንድ አዲስ የባንክ ሒሳብ አወጀ። ገንዘብህን በሊራ አስቀምጥ፤ ወለድህን ታገኛለህ፤ ሊራ ከወለዱ በላይ ከወደቀ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍልልሃል የሚል ነው። ሊራ ለጊዜው ተነሣ፤ ጭብጨባውም ደመቀ። ሊራ መውደቁን ሲቀጥል ግን ዕዳው መጣ። በ2023 በዚህ ሒሳብ የተቀመጠው ገንዘብ ከ3 ትሪሊዮን ሊራ በላይ ደርሶ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ በዚያ ዓመት ብቻ 818 ቢሊዮን ሊራ ኪሳራ መዝግቧል፤ ዋነኛው ምክንያት ይኸው ሒሳብ ነው። መርሐ ግብሩ ተዘጋግቶ ያበቃው በ2025 ነው።

ይህን በደንብ አስቡት። ባንክ የሚያስቀምጠው ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። የልዩነቱ ክፍያ የተገኘው ደግሞ ከመንግሥት ካዝናና ከታተመ ገንዘብ ነው፤ ማለትም ዳቦ ሲገዛ ግብር ከሚከፍለው፣ ባንክ የሚያኖረው ሳንቲም ከሌለው ሰው። ወለድ የድሀ ጠላት ነው ብለው የተነሡት መሪ፣ ድሀው ለሀብታሙ የሚከፍለውን ትልቅ ወለድ ፈጠሩ። ስሙን ወለድ አላሉትም፤ ይኸው ነው ልዩነቱ።

«ግን እኮ ብዙ ሠርቷል»

ወዳጄ ተሟጋች ነውና መልሱን አውቀዋለሁ። «ኤርዶጋን እኮ ቱርክን ከውድቀት ያወጣ ሰው ነው። ስድስቱን ዜሮ ከሊራ ላይ ያነሣ ማን ሆነና? የአይ.ኤም.ኤፍን ዕዳ ከፍሎ የጨረሰስ?» ይለኛል። እውነት ነው። በ2005 መጀመሪያ ላይ አንድ ሚሊዮን አሮጌ ሊራ አንድ አዲስ ሊራ ሆነ። በ2013 ለአይ.ኤም.ኤፍ የመጨረሻው ዕዳ ተከፈለ። ለአሥርተ ዓመታት ከፍ ብሎ የኖረው ግሽበት በ2004 ከአሥር በመቶ በታች ገባ። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ልንነፍጋቸውም አይገባም።

ጥያቄው በማን ዕውቀት ተሠራ የሚለው ነው። ከ2001 የባንኮች ቀውስ በኋላ ከማል ደርቪሽ የሚባሉ የኢኮኖሚ ሰው የተሐድሶ ዕቅድ አዘጋጁ፤ ማዕከላዊ ባንኩም በዚያው ዓመት በሕግ ነፃነት አገኘ። የኤርዶጋን ፓርቲ በ2002 መጨረሻ ምርጫ ሲያሸንፍ ይህን ዕቅድ አልቀደደውም፤ እንደ አሊ ባባጃን ላሉ ሰዎች ሰጥቶ አሠራው። ያኔ ኤርዶጋን ሒሳብ የሚያውቁትን ሰዎች ያዳምጡ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው አሥር ዓመት ስኬታቸው ለኋለኛው መከላከያ ሳይሆን ክስ ነው። ያው ሰው፣ ያው አገር፤ የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር እምቢ የሚል ሰው ከአጠገባቸው መጥፋቱ ነው።

ሌላም ክርክር አለ። «በ2021 ኢኮኖሚው 11 በመቶ አድጓል፤ ይህ ምን ሊባል ነው?» እሺ፤ ከዚያው ከ2021 አንሣ። ኤርዶጋን በ2011 የምርጫ ዘመቻ ለሪፐብሊኩ መቶኛ ዓመት፣ ለ2023፣ ግብ አስቀምጠው ነበር። የነፍስ ወከፍ ገቢ 25 ሺህ ዶላር፣ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2 ትሪሊዮን ዶላር፣ የወጪ ንግድ 500 ቢሊዮን ዶላር፣ ከዓለም አሥር ታላላቅ ኢኮኖሚዎች አንዱ መሆን። 2023 ደረሰ። የነፍስ ወከፍ ገቢው 13 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ጠቅላላ ምርቱ 1 ነጥብ 1 ትሪሊዮን፣ የወጪ ንግዱ 255 ቢሊዮን። ሁሉም በግማሽ! በ2013 ወደ 12,500 ዶላር ደርሶ የነበረው የነፍስ ወከፍ ገቢ በ2021፣ በዚያ በ11 በመቶ ዕድገት ዓመት፣ 9,500 ገደማ ነበር። በመቶኛው ጨፍረው፣ በዶላሩ ወደ ኋላ ሄዱ።

የመጨረሻውና ጠንካራው ክርክር ግን ይህ ነው፤ ሰውዬው አላዋቂ አይደሉም፣ ምርጫ ለማሸነፍ አስበው ያደረጉት ነው የሚለው። ርካሽ ብድር ሱቅ ያስከፍታል፣ ቤት ያስገዛል፤ ግሽበቱን ተከትሎ ዝቅተኛ ደመወዝ በ50 በመቶ ሲጨመር ያስመሰግናል። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ መራጩ ሣሩን ያያል። በሜይ 2023 በ52 በመቶ ድምፅ አሸንፈዋልም። ይህ እውነት ከሆነ ግን ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። አላዋቂ ሹም ሊማር ይችላል። አውቆ የሚያጠፋ ሹም ምን ይማራል?

ምርጫው ባለፈ በሳምንታት ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። መሕመት ሺምሼክ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ፤ ሲረከቡ ቱርክ ወደ ምክንያታዊ መሠረት ከመመለስ ሌላ አማራጭ የላትም አሉ። በጨዋ አማርኛ፣ እስከ ዛሬ የነበረው ምክንያት አልነበረውም ማለት ነው። ወለዱ ከ8 ነጥብ 5 ተነሥቶ ማርች 2024 ላይ 50 በመቶ ገባ። ወለድ ጠላቴ ያሉ መሪ በ50 በመቶ ወለድ ሥር አረፉ። በ19 በመቶ ይታከም የነበረ በሽታ በ50 መታከም ሲኖርበት፣ የ31ዱ በመቶ ልዩነት የግትርነት ዋጋ ነው። ያኔ አዲስ የነበሩት የባንኩ ገዥ ሃፊዜ ጋዬ ኤርካን ከአሜሪካ ሲመለሱ ኢስታንቡል ውስጥ አቅማቸው የሚችለው ቤት አጥተው ከወላጆቻቸው ጋር መግባታቸውን ለጋዜጣ ተናገሩ። የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ያልቻለችውን ኪራይ የዳቦ ሰልፈኛው እንዴት ቻለው? ሊራም በ2025 አጋማሽ ለአንድ ዶላር 40 አለፈ።

በቱርክ ለመሳቅ አይደለም

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በቱርኮች ለመሳቅ ከሆነ ቀለሙም ወረቀቱም ያሳዝናል። የጻፍኩት ስለ አክስቴ ነው።

አክስቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። በ2021 ከቁጠባና ከዕቁብ ያጠራቀመችውን 100 ሺህ ብር አንድ ባንክ አኖረች። ስሙን አልጠራም። ወለዱ 7 በመቶ ነው። በዓመቱ ደብተሯን አሳየችኝ፤ 107 ሺህ! ደስ ብሏት ነበር። በዚያው ዓመት የአገራችን የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 107 ሺሁን ለ1 ነጥብ 3 አካፈልኩት፤ 82 ሺህ ሆነ። የመሸመት አቅሟ 18 ሺህ ብር ቀንሷል። ማንም አልሰረቃትም፤ ፖሊስ የሚጠራበትም ነገር የለም። እኔም አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት?

ያ 18 ሺህ ግን ተኖ አልጠፋም። በርካሽ ለተበደረው ሄዷል። ወዳጄ፣ ወለድ ዝቅ የሚያደርግ ጎበዝ መሪ ትመኛለህ፤ እኛ ለዓመታት በዚያ ውስጥ ነው የኖርነው። በ2011 የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ በ3 በመቶ ወለድ የመንግሥት ቦንድ እንዲገዙበት ታዘዙ፤ ትእዛዙ የተነሣው በ2019 ነው። የ3 በመቶ ወለድ የሚከፈለው ባንክ ለአክስቴ ከየት አምጥቶ ይክፈል? በዚያው በ2011 መጀመሪያ በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦና በመሳሰሉት ላይ የዋጋ ጣሪያ ታወጀ። ዕቃው ከመደርደሪያ ሸሸ፤ ከወራት በኋላ ጣሪያው በአብዛኛው ተነሣ። ቱርክም በ2019 የአትክልት ነጋዴዎችን የምግብ ሽብርተኞች ብላ በየአደባባዩ የመንግሥት ቲማቲም መሸጫ ድንኳን ስትተክል የእኛን የሰማች አትመስልም።

ለአሥር ዓመት በላይ ስለ ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት ሰምተናል። መንገዱ አልተሠራም፣ ሕንፃው አልቆመም የሚል የለም። ነገር ግን ጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ብሔራዊ ባንኩ የመሪ ወለዱን 15 በመቶ ብሎ ያወጀውም ያንጊዜ ነው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ልንከፍለው ይገባ የነበረውን ሒሳብ ባንድ ጊዜ አመጡልን። አመጣጡ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ የእኔ ጥያቄ ያን ሁሉ ዓመት ሒሳቡን ይዞ የጠየቀ ማን ነበር የሚል ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁላችንም ኢኮኖሚ ልንማር ነው? አያስፈልግም። አክስቴ ሽሮ ስትገዛ የምትጠይቀውን መሪዎችን መጠየቅ ይበቃል።

አንደኛው፣ ከምን? ሹም 11 በመቶ አደግን ሲል ከምን ተነሥቶ እንደሆነ ይጠየቅ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው አንድ ክንድ ሲወጣ ከፍታው በመቶኛ ሲሰላ ትልቅ ነው፤ አሁንም ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው፣ በምን ተለክቶ? በብር ነው በዶላር? ግሽበቱ ተቀንሶ ነው ሳይቀነስ? ለካሁ የሚለው ሰው እውነት ቢናገር ነገ ወንበሩ ላይ ይገኛል ወይ? ይህች የመጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች። የስታቲስቲክስ ኃላፊው በቁጥሩ ምክንያት የሚነሣበት አገር ቁጥር የለውም፤ መፈክር ነው ያለው።

ሦስተኛው፣ ከፋዩ ማን ነው? ርካሽ ብድር፣ ርካሽ ዶላር፣ ርካሽ ዳቦ የሚባል ነገር የለም። ሌላ ሰው የከፈለበት ብድር፣ ሌላ ሰው የከፈለበት ዶላር፣ ሌላ ሰው የከፈለበት ዳቦ ብቻ ነው ያለው። ያ ሌላ ሰው ብዙውን ጊዜ በስብሰባው ላይ የለም።

ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው ተረት በእኛ አፍ ለዘመናት ኖሯል። ሰማዩን ተዉት። በቱርክ ግን ማርች 2024 የከንቲባዎች ምርጫ ሲደረግ፣ ጡረተኞችና ደመወዝተኞች ከማዕድ ቤታቸው የያዙትን ሒሳብ ይዘው ወጡ፤ የኤርዶጋን ፓርቲ ከተመሠረተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ብዛት ሁለተኛ ወጣ። ዲፕሎማ የጠየቃቸው አልነበረም።

ነጋዴው ወዳጄ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኢስታንቡል ይሄዳል። አንድ ነገር ልኬዋለሁ። ጃኬት የሚሸጥለትን ሰውዬ የቤት ኪራዩ በ2021 ስንት እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠይቆት እንዲመጣ። ሲመለስ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።